ባለ አራት ሜትሩ ጥያቄ ቦሌ ደርሶ ሲመለስ

አዲስ አበባን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳውሮን አላየም፤ ዳውሮን ያየ ደግሞ ቦሌን አላየም። እኔ ሁለቱንም ስላየሁ፣ ሁለቱም ወገን እንዳይቀየመኝ አንዱን ከሌላው እያስተያየሁ እጽፋለሁ። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ በአገሬ በዳውሮ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም፤ ፍርሃቴ ግን ስድሳ ዓመት የኖረ ሰው ፍርሃት ነበር።

አብሬያቸው የሄድኩት አጎቴ ማልዳዬ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዲንካ ይነፋሉ። ዲንካ ከቀርከሃ የሚሠራ፣ ጫፉ ላይ ቀንድ የተገጠመለት ረጅም መለከት ነው። የአጎቴ ከአራት ሜትር ይበልጣል። እኛ ዘንድ ዲንካ ለብቻ አይነፋም። አራት ሰዎች ይቆማሉ፤ ትልቁ ዲንካ ይጠይቃል፣ ትንንሾቹ ይመልሳሉ። ቃል የለውም፤ ነገር ግን የአገሩ ሰው ዜማውን ሰምቶ ቃሉን ያውቀዋል። የአጎቴ ዲንካ ጠያቂው ነው።

በዚያ ዓመት አጎቴ አዲስ ዜማ አውጥተው ነበር፤ ምክንያታቸውም መንደር ምሥረታ ነው። ሰውን ሁሉ ከየደጁ አንስተው ሜዳ ላይ በመስመር አሰፈሩት። ቤቶቻችን እንደ ወታደር ተሰለፉ። እንሰታችን ግን ኮረብታው ላይ ቀረ። እንሰት ደግሞ የጓሮ ተክል ነው፤ አመዱና እበቱ ከቤት ካልወጣለት፣ ማታ ማታ ሰው አጠገቡ ካልሳለ አይሆንለትም። ሰው ሲሄድ ጃርት መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ጃርቱ እንሰቱን ከሥሩ እየበላ ባዶ ቤታችንን ወረሰው። አጎቴ ታዲያ እንዲህ ብለው ነፉ፦

«ቤቴ ማን አለ?»
«ጃርት አለ!»
«እንሰቴን ማን በላ?»
«ጃርት በላ!»
«እኔ የት አለሁ?»
«ሰልፍ ላይ!»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አገሩ ሁሉ ያፏጨው ጀመር። የወረዳችን ካድሬ ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ የሠርግ ዘፈን መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥ ነበር።

በዚህ መሐል ከአዲስ አበባ አንድ ደብዳቤ መጣ። ለበዓል ዝግጅት «አንድ ዲንካ ነፊ ከአንድ አስተርጓሚ ጋር» እንዲላክ ይላል። አንድ! ጽፎ የላከው ሰው ዲንካ አይቶ እንደማያውቅ ገባን። ሽማግሌዎቹ ግን ተሰብስበው መከሩና አጎቴን «ሂድ፣ ጥያቄውን እዚያ ንፋው። በዚህ ክረምት ወደ እንሰታችን ካልተመለስን የሚተርፍ እንሰት የለም» አሏቸው። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንተ መልሱን ትነግራቸዋለህ» አሉ። እሺ አልኩ። በልቤ ግን መልሱን ጎጀብ ወንዝ ስንደርስ ለመጣል ቆርጬ ነበር።

የአጎቴ ሚስት አክስቴ አማረች ስንቃችንን እያሰረች አየችን፣ አየችንና «ሁለት ወንድ ሆናችሁ አንድ ጃርት ለማባረር አዲስ አበባ ድረስ?» አለች።

ሰኞና ማክሰኞ።

ጅማ ድረስ በእግር ሄድን። አጎቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ዲንካው በትከሻችን። መገጣጠሚያው ላይ ፈትተን ለሁለት እንሸከመው ብዬ ለምኜ ነበር፤ «አንተን መገጣጠሚያህ ላይ ብፈታህ ደግመህ ትናገራለህ?» ብለው ዘጉኝ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ደህና ነው። ጠመዝማዛው ላይ ግን እሳቸው ሲታጠፉ እኔ ገደል ውስጥ እገባለሁ። ጎጀብን ስንሻገር ውሃው ደረቴ ላይ ደረሰና መልሱን መጣሉን ትቼ ነፍሴን ለማትረፍ ታገልኩ።

ረቡዕ።

ዲንካው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ከዶሮና ከማር እንስራ ጋር ተጫነ። በየኬላው ፈታሾቹ ወደ ላይ እያዩ «ምንድን ነው?» ይላሉ፤ እኔ «ባህል ነው» እላለሁ፤ ያልፉናል። ያን ጊዜ ባህል የሚለው ቃል ከይለፍ ወረቀት ይሻል ነበር።

አዲስ አበባ ስንደርስ አንድ ሴይቸንቶ ታክሲ ያዝን። ሴይቸንቶ ማለት እኛ አገር የወፍጮ ቤት በር የማታህል መኪና ናት። ዲንካው ጣሪያዋ ላይ ሲታሰር ከፊትም ከኋላም ተረፈ። ሾፌሩ ቀይ ጨርቅ ጫፉ ላይ አሰረበትና «አባባ፣ መኪናዋ ናት ዲንካውን የጫነችው ወይስ ዲንካው ነው እሷን?» አለ።

በኦሎምፒያ አልፈን ወደ ቦሌ ስንወርድ መንገዱ ሰፋ። እንዲህ ያለ ሰፊ መንገድ አይቼ አላውቅም፤ እኛ አገር በዚህ ስፋት ላይ ገበያ ይቆምበታል። አጎቴ በመስኮቱ እያዩ «ይህን ሁሉ መሬት ማን ይረግጠዋል?» አሉ። ወዲያው ሁለት ወታደሮች አስቆሙን። አንደኛው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «ውረዱ! ወደ አይሮፕላን ማረፊያው ያነጣጠረው ምንድን ነው?» አለ።

እኔ «ባህል ነው» አልኩ። ቃሉ እዚህ አልሠራም።

«እንግዲያው ይንፉት!»

አጎቴ ከታክሲዋ ጋር እንደታሰረ ነፉት። ዲንካው ሲጮህ ሴይቸንቶዋ ከነመስታወቷ ተንቀጠቀጠች፣ አንደኛው ወታደር መሬት ላይ ተኛ። ሁለተኛው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ሂዱ፣ ሂዱ» አለን። ሾፌሩ ቦሌ ሚካኤል አደረሰን።

ማረፊያችን የወይዘሮ ለተብርሃን ቤት ነበር። ወንድማቸው እኛ አገር አብሮኝ ያስተምራል፤ ደብዳቤ ሰጥቶኝ ነበር። ወይዘሮ ለተብርሃን ደብዳቤውን ሳይከፍቱ «ግቡ፣ ግቡ! የወንድሜን ሽታ ይዛችሁ መጥታችሁ ደጅ ትቆማላችሁ?» አሉ። እኛ ገባን፤ ዲንካው ግን አልገባም። በሩ ላይ አዞርነው፣ አጋደምነው፣ አቆምነው፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ጭራው አልጋው ላይ ሆኖ አፉ በኋለኛው መስኮት ወጣ፤ አጥሩን ተሻግሮም የጎረቤት ግቢ ውስጥ ገባ።

«የማን ግቢ ነው?» አልኳቸው።

«የቀበሌው ሊቀመንበር» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ሽሮውን እያማሰሉ። «ምንም አይደል፤ የእሳቸውም ዶሮዎች እኛ ግቢ ነው የሚውሉት።»

ሐሙስ።

አጎቴ ንጋት ላይ ነቅተው «ድምፁ መንገድ ላይ ታሞ እንደሆነ ልየው» አሉና አልጋው ላይ ተቀምጠው ነፉ። እኔ ከእንቅልፌ ስነሳ ጊዜው አልፏል።

በዚያ ዘመን ስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ሊወስድ ሲሄድ ፊት ይጠቁርበታል። ስለዚህ የቦሌ ሚካኤል ሰው በማለዳ ከሊቀመንበሩ ግቢ ያን የመሰለ ድምፅ ሲሰማ ሁለተኛ ጥሪ አልጠበቀም። በመስኮት ሳይ ግማሹ መጥረጊያ፣ ግማሹ የራሽን ደብተርና ከረጢት ይዞ እየሮጠ ነው። አንዲት ሴት «ስኳር መጣ!» አለች። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ወዲያው ከሱቁ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር የደረሰ ሰልፍ ሆነ። አጎቴ ሰልፉን አዩና «እነዚህንም አሰለፏቸው?» አሉኝ። ከልባቸው አዝነው ነበር።

ጓድ ሊቀመንበር በሌሊት ልብሳቸው ወጡ።

«ማነው የጠራችሁ?»

«እርስዎ!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

ሰውዬው ሰልፉን አዩት። በኋላ እንደነገሩን ሦስት ወር ሙሉ የጠሩት ስብሰባ አንድም ጊዜ በሰዓቱ ሞልቶ አያውቅም። ትንሽ አሰቡና ኮት ደርበው መጡ፤ ስለ ቦይ ጽዳት አንድ ሰዓት ተኩል ተናገሩ። የቀረ ሰው አልነበረም፤ ስኳርም አልነበረም።

ከስብሰባው በኋላ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። እኔ ልብሴን መጠቅለል ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን ዲንካውን እንደ ወላድ ላም እየደባበሱ «ይህ ንብረት ከቀበሌያችን ባይወጣ ምን ይመስላችኋል?» አሉ።

አጎቴ በቋንቋችን «ይህ ሰውዬ እንደ ጃርቱ ያየውን ሁሉ መውረስ ነው የሚፈልገው» አሉ።

እኔም «ጓድ ማልዳዬ ለቀበሌው የአብዮታዊ ሰላምታ ያቀርባሉ» ብዬ አስተረጎምኩ።

ሊቀመንበሩ ተደሰቱና ነገ ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ራሳቸው ሊወስዱን ቃል ገቡ። ሳይደግስ አይጣላም።

ዓርብ።

መሥሪያ ቤቱ ኦሎምፒያ አካባቢ ነው። ዘፈን የሚመረምረው ጓድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ግጥሙን በሦስት ቅጂ» አለ።

«ግጥም የለውም» አልኩ።

«ግጥም የሌለው ዘፈን?»

«መለከት ነው፣ ጓድ።»

«እና መለከቱ ምን ይላል?»

ይህ ነበር የሽማግሌዎቹ መልስ የሚነገርበት ቦታ። እኔ ግን «ሆ ይላል» አልኩ።

አጎቴ ክርኔን ያዙና «ይህን ሰው ጠይቀው፤ ቤቱ ጃርት ገብቶበት ያውቃል?» አሉ።

«ምን አሉ?»

«አብዮቱ የባህል እኩልነት ስላጎናጸፋቸው ያመሰግናሉ።»

መርማሪው መነጽሩን አወረደ፤ ልቡ ተነክቷል። በሦስት ቅጂ «ሆ፣ ሆ፣ ሆ» ብሎ ጻፈና እያንዳንዱን «ሆ» ማኅተም መታበት። ከሥሩም አስፈረመኝ፦ ከተጻፈው ውጭ አንድ ቃል ቢወጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ስንመለስ ወይዘሮ ለተብርሃን ምሳ አዘጋጅተው ጠበቁን። አጎቴ ቆጮ እንደናፈቃቸው ከፊታቸው አንብበው፣ ገበያ ሄደው ከአንዲት የጉራጌ ሴት ገዝተዋል። ይሁን እንጂ በሕይወታቸው ቆጮ ጋግረው አያውቁም። እንደ ብስኩት አድርቀውት ሲያበቁ፣ ለጥምቀት ያስቀመጧትን የመጨረሻዋን ስኳር በላዩ ነሰነሱበት። ቆጮ በስኳር! እኛ አገር ቢሰማ ሽማግሌ ያስቀምጣል። አጎቴ አንዱን ቁራጭ አፋቸው አስገቡ፣ ሁለተኛውን አነሱ። ጨርሰው በሉት። ሴትየዋ ሲወጡ አጎቴ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ሰልፍ የቆሙበትን ነገር ነው ያበሉኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ረጋ ብለው ቀጠሉ። «አንተ፣ እኔ አማርኛ አልችልም። ግን መስማት እችላለሁ። አብዮት የሚል ቃል በቋንቋችን የለም። እኔ ስለ ጃርት ባወራሁ ቁጥር አንተ አብዮት ትላለህ። ጃርቱን እንዲህ ነው የሚሉት?»

አፈርኩ። ከአፈርኩት ይልቅ ግን ፈራሁ። «አጎቴ፣ ፈርሜያለሁ። አንድ ቃል ከወጣ ይወስዱኛል» አልኳቸው።

«እኔ ቃል የለኝም፤ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ብቻዬን ልከውኛል፤ ብቻዬን እጠይቃለሁ» አሉና ተኙ።

ቅዳሜ።

በዓሉ የሚከበርበት የከፍተኛው፣ የቀበሌዎች የበላይ መሥሪያ ቤት፣ አዳራሽ ነው፤ እዚያው ቦሌ። ጣሪያው ሥር የእኛ ወረዳ ሰው ሁሉ ይገባበታል። ከፊት ወንበር የክብር እንግዳው ተቀምጠዋል፤ ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ትልቅ ባለሥልጣን። አጠገባቸው መርማሪው «ሆ» የተጻፈበትን ወረቀት ይዟል። ጓድ ሊቀመንበርም ወይዘሮ ለተብርሃንም መጥተዋል። እኔ መድረኩ ጥግ ቆሜያለሁ።

አጎቴ ብቻቸውን ወጡ። ዲንካው ከመድረኩ አልፎ አፉ የክብር እንግዳው ጉልበት ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሰው ሳቀ። አጎቴ ጉንጫቸውን ሞልተው ነፉ፦ «ቤቴ ማን አለ?»

ከዚያ እንደ አገራችን ወግ አፋቸውን አንስተው መልሱን ጠበቁ። ሦስቱ ዲንካዎች የሉም። ሕዝቡ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ።

«እንሰቴን ማን በላ?»

ጠበቁ። እንደገና ጭብጨባ። አንዱ ከኋላ «አለቀባቸው!» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አጎቴ አልተቆጡም። ባዶውን ቦታ ልክ በልኩ፣ መልሱ የሚፈጀውን ያህል ጠበቁለት። እኔ ግን መልሱ እንደ ማስነጠስ አፍንጫዬ ሥር መጥቶ ቆሟል። ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቁ ዲንካ ጠይቆ ያልተመለሰለት ቀን አላውቅም። ሰው ጠይቆ ዝም ሲባል እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

«እኔ የት አለሁ?»

«ሰልፍ ላይ!» አልኩ።

በቋንቋችን ነው ያልኩት፤ ጮኼ ነው ያልኩት። ከእኔ ይልቅ የደነገጠ ሰው አልነበረም። አጎቴ ግን ፈገግ እንኳ አላሉም፤ ዘፈን ከመጨረሻው አይጀመርምና ከመጀመሪያው ደግመው ጠየቁ። እኔም ሁሉንም መለስኩ፤ ጃርት አለ፣ ጃርት በላ፣ ሰልፍ ላይ። ድምፄ ትንንሾቹን ዲንካዎች ባያህልም ከልቤ ነበር።

የክብር እንግዳው እጃቸውን አነሱ። «ምንድን ነው የተባለው?»

መርማሪው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ወረቀቱ ላይ «ሆ» ብቻ ነው። አብዮት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አጎቴም በደንብ እየሰሙ ነበር። ዋጥኩትና ያለውን በአማርኛ አንድ በአንድ ተናገርኩ። መንደሩን፣ መስመሩን፣ እንሰቱን፣ ጃርቱን።



«ጃርት?» አሉ የክብር እንግዳው።

«ጃርት፣ ጓድ።»

«ብዙ ነው?»

«እንሰቱን ጨርሶ እርስ በርሱ ሊባላ ነው፤ ቁጥር የለውም፣ ጓድ።»

ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው አንድ ቃል ጻፉ። አንገቴን ሰግጌ አየሁ፤ «ጃርት» ይላል። ከዚያ «ቀጣዩ» አሉ። ጓድ ሊቀመንበር ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ብቻቸውን መሆናቸውን ሲያዩ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከኋላ ግን ወይዘሮ ለተብርሃን «እልልልል!» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረጅም።

እሑድ።

እስኪወስዱኝ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ወይዘሮ ለተብርሃን ዳቦ ጋግረው፣ የሟች ባላቸውን ጋቢ አጣጥፈው ሰጡኝ። «ለመንገድ ነው» አሉ። «መንገዱ ወዴት እንደሆነ እግዜር ያውቃል፤ ብርዱ ግን የትም አለ።» አልቅሼ ነበር፤ አልደብቅም።

ረፋዱ ላይ አንድ ላንድሮቨር ደጁ ላይ ቆመ። ጋቢውን ደርቤ ወጣሁ። የወረዱት ግን ጓድ ሊቀመንበር ናቸው፤ መኪና ተውሰው አውቶቡስ ተራ ሊያደርሱን ነው የመጡት። በምላሹ የጠየቁት ውለታ አንዲት ናት፦ ከመሄዳችን በፊት አጎቴ አንዴ ይንፉላቸው። አጎቴ ነፉ። ሕዝቡ ከረጢቱን ይዞ ሲሮጥ እኛ በሌላኛው መንገድ ወጣን። የቦሌ ሚካኤልን ሰው እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ እነሆ ጠየቅኩ።

ረቡዕ፣ አገር ቤት።

ከተራራው ስንወርድ የመንደር ምሥረታው ቤቶች በመስመራቸው ቆመዋል። ጭስ የለም። በሮቹ ክፍት ናቸው። ዶሮ እንኳ የለም። በእኔ አፍ ምክንያት መንደሩን ሁሉ ወሰዱት ብዬ መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ። እኔን ይወስዱኛል ብዬ ስፈራ፣ እነሱ በእኔ ፋንታ ይሄዳሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አጎቴ ዲንካውን ትከሻዬ ላይ አስደግፈው ወደ ኮረብታው ነፉ፦ «ቤቴ ማን አለ?»

ጠበቅን። ከዚያ ከእንሰቱ መሐል የአክስቴ የአማረች ድምፅ መጣ።

«እኔ አለሁ! ጃርቱን አስወጥቼዋለሁ!»

ወደ ላይ ስናይ ጭሱ ከየእንሰቱ መሐል ይወጣል። ሁሉም ተመልሰዋል። ነገሩ ኋላ ተነገረን። እኛ በሄድን በማግስቱ አክስቴ ካድሬውን መንገድ ላይ አግኝታ «ባሌ ሊከስህ ወደ በላይ አካል ሄዷል፤ ሊወስድህ መኪና ይላካል አሉ» አለችው። ካድሬው ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቶ በሦስተኛው ለሥልጠና ተጠራሁ ብሎ ወጣ። እሷም በዚያው ዕለት መጥረጊያና ቆንጨራ ይዛ ወደ ቤቷ ወጣች፤ ሌላውም ተከተላት። ፈቃድ ልንጠይቅ እኛ መድረክ ላይ ሳንወጣ እነሱ ጓሯቸውን መኮትኮት ጀምረው ነበር።

አጎቴ ግን ይህን ገና አያውቁም። ዘፈን ተጀምሮ አይቋረጥምና ሁለተኛውን ነፉ፦ «እንሰቴን ማን በላ?»

«እኔ በላሁ! ሥሩን ቀቅያለሁ፤ ሳይበርድ ግባ!»

አጎቴ ለሦስተኛው ጥያቄ ጉንጫቸውን ሞሉ። አክስቴ ቀደመቻቸው።

«አንተስ እስካሁን የት ነበርክ?»

አጎቴ ትንፋሻቸውን ቀስ ብለው ለቀቁት። ዲንካውን ከትከሻዬ አወረዱ፤ ኮረብታውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አስተርጉምልኝ» አሉ።